ጦር ሜዳ ውሎ ቅቤ የሸተተ እግር

ባል ጭቃ ረግጦ ቢመጣ አልቆጣም። የዳንግላ ክረምት ለማን ያዝናል? እኔን የሚያስጠረጥረኝ ጭቃ ሲረግጥ ውሎ እግሩ ጸድቶ የሚመጣ ባል ነው። ነገሩን ላጫውታችሁ። መሀል ላይ ወዲያ ወዲህ ማለቴ አይቀርም፤ ታገሡኝ።

ዳንግላ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ካልጠረጠረ አይውልም። አንዷ ዋጋ ስትከራከርህ ሌላዋ በነጠላዋ ሥር ምን እንደምትከት በምን ታውቃለህ? "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ጨርቅ ነጋዴ መሆን አለበት እላለሁ። ባለቤቴ ሙላት የእኔ ተቃራኒ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ቢቻል ከአልጋው እስከ በሩ በመኪና ቢሄድ ደስ የሚለው ሰው። ጡረታ ወጣ፣ ስኳር ተገኘበት፣ ሐኪሙ በእግርህ ሂድ አለው። ይሁን። ግን ሐኪም ሂድ ሲል አስፋልቱን ይዘህ ተንሸራሸር ማለቱ ነው እንጂ ዝመት ማለቱ ነው እንዴ?

ሙላት አንድ ቀን ቁርሱን እየበላ፣ አያቴ የወደቀበትን ቦታ በእግሬ ሄጄ አገኘዋለሁ አለኝ።

ይህን አያት ላስተዋውቃችሁ። ቸኮል ይባላል፤ የሙላት የአባቱ አባት ነው። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ሆኖ ዘምቶ፣ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ጣሊያን መሽጎበት የነበረ አንድ ጉብታ ላይ ሲዋጋ ወደቀ ይባላል። ሬሳው አልተገኘም። ያን ጊዜ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበሩት። ወንዱ የሙላት አባት ነው፤ እሱም ከሞተ ቆየ፣ ነፍሱን ይማረው። ሴቷ ግን አሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ። ዘጠናን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ገና ሙሽራ ነው። የአርበኞች ቀን በመጣ ቁጥር ከተማው ዳር ካለው ሐውልት ፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። የአባታቸው ስም ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ስሙ ሲጠራ ያለቅሳሉ፤ መልኩን እንኳ ለማያስታውሱት አባት።

ስለ ቸኮል ያልተወራ ጀብዱ የለም። መትረየስ በእጁ ነጥቋል። ጥይት ሲመታው ጥይቷ ትጣመም ነበር። ቁመቱማ ባሕር ዛፍ ያክል ነበር አሉ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው አይደል የሚባለው? የኛው ከነቁመቱ ነው የረዘመው።

ሙላት እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመረ። በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ በእግር። መጀመሪያ ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ቦታውን አጣሁት እያለ ይመለስ ነበር። አዘንኩለት፤ እግሩንም አጠብኩለት። ኋላ ግን አንድ ቅዳሜ ጫማው ታጥቦ፣ ካልሲው ታጥቦ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እግሩን አየሁት። ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ለጋ ቅቤ!

"ጉብታውን አገኘኸው?" አልኩት።

"አገኘሁት።"

"ምን አለበት?"

"ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይ እግር አጥቦ ቅቤ ይቀባል?"

"አልጌ፣ ደክሞኛል" ብሎ ዞሮ ተኛ።

አልጋነሽ የሚለውን ስሜን አልጌ ብሎ የሚያቆላምጠኝ ጥፋት ሲኖርበት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እግሩ በቅቤ ታሽቶ፣ በላዩ ላይ ማር ይዞ መጣ። እናንተዬ፣ ፍረዱኝ። አርባ ዓመት ያህል መኪና ሲነዳ በየከተማው ጠርጥሬው አንድ ነገር ያላገኘሁበት ሰው፣ በስተርጅና በእግሩ ሄዶ ያግኝ? ሳምንቱን ሙሉ ምላሴን ስስል ከረምኩ። ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ጥላዬንና ቦርሳዬን ያዝኩና አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። መንገዱ ጭቃ ነው አለ። ጉልበትሽን ያምሻል አለ።

"ጭቃውን የሚያጥብ ሰው አለ አይደል?" አልኩት። ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ግምጃ ቤት ከሚኒባስ ስንወርድ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሙላትን አይቶ ጠቀሰው። "አባባ፣ ዛሬ ማሽኑን በእናቴ ቦርሳ ነው ያስያዙት?" ብሎ ሳቀ።

የምን ማሽን ብዬ ብጠይቅ ለካ የወርቅ መፈለጊያ ማለቱ ነው። በአገራችን ጣሊያን የረገጠው ጉብታ ሁሉ ወርቅ አለበት ይባላል። ጣሊያን እየተተኮሰበት ሲሸሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ወርቅ የሚቀብርበትን ጊዜ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ብቻ ቀብሯል ይላሉ። ሙላት ደግሞ የሚመረኮዘው ከድሮው መኪናው የተነቀለ የብረት ዘንግ ነው። ሽማግሌ ሰው የብረት ዘንግ ይዞ ጣሊያን በመሸገበት ጉብታ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል ያየ ገበሬ ምን ይበል? ስኳር አለበት ይበል?

ከከተማው ወጥተን በግራሩ ተክል መሀል፣ ከሰል የሚከሰልበትን ጭስ እያቋረጥን ተጓዝን። ዳገቱ ሥር ዱላ የያዙ ሁለት ገበሬዎች አስቆሙን። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ አገውኛ የማውቀው ለገበያ የሚበቃኝን ያህል ነው፤ ቢሆንም "ቦርሳዋን እንይ" መባባላቸው ገባኝ። በዚህ ዘመን እንግዳ የጠረጠረ ሰው አይፈረድበትም።

"ምንድን ናችሁ?" አለኝ ታላቅየው በአማርኛ።

"ባልና ሚስት ነን።"

"ባልና ሚስት እዚህ ጉብታ ላይ ምን ይሠራሉ?"

"ወንድሜ፣ እኔም እሱን ልጠይቀው ነው የመጣሁት" አልኩት።

ፊቴን አየ፤ ሙላትን አየ፤ ነገሩ የገባው መሰለኝ። ሳቀና አሳለፈን። ቢሆንም ራቅ ብለው ተከተሉን።

ጉብታው ላይ ስወጣ ማመን አቃተኝ። ድንች የተቆፈረበት ማሳ ነው የሚመስለው። ሙላት በየሳምንቱ ዘንጉን የተከለበትን ቦታ ሁሉ፣ እሱ ሲሄድ ሰው እየመጣ ቆፍሮታል። አርበኛ በጥይት ያላፈረሰውን ምሽግ ጥርጣሬ አፈረሰው! ምን አገኙ በሉኝ። አንድ የዛገ የቆርቆሮ ጣሳ። የተከተለን ገበሬ ራሱ ነው የነገረን። ከዚያስ? ወርቁን ሰውየው ቀድሞን ወስዶ ባዶ ጣሳውን ተወልን ተባለ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጠብ ፍለጋ የመጣሁ ብሆንም እዚያ ላይ ስቆም ሆዴ ባባ። ጉም ከታች እየወጣ ነበር። ድንጋዩ ሽበት አውጥቷል። ሰው እዚህ ወድቆ፣ በዚህ ብርድ፣ ማን ይጣራለታል? አልኩ። ሙላት ቆቡን አውልቆ ቆመ። ትንሽ ቆይቼ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ትዝ አለኝ።

"በል አሁን እግርህ ወደሚታጠብበት ውሰደኝ።"

ከጉብታው በታች በቀርከሃ የታጠረ ግቢ አለ። ውሻ ጮኸ። ከውስጥ "ሙላት፣ መጣህ?" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ጥላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። በሩ ተከፈተና ብቅ ያሉት ሰማንያን ያለፉ ባልቴት ናቸው፤ ወገባቸው የጎበጠ፣ ሳፋ የያዙ። እማማ ይታይሽ ይባላሉ። ሳምንት ሙሉ የሳልኩትን ምላስ አሁን ወዴት ልክተተው? ቢሆንም ጥርጣሬ በቀላሉ አይለቅም፤ ምናልባት የደረሰች ልጅ አለቻቸው ብዬ በትከሻቸው አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ሁለት ዶሮ ብቻ። "ሴት አጠበችኝ ብልሽ ታምኚኝ ነበር?" አለኝ ሙላት በጆሮዬ።

አስገቡን፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ከዚያ ውሃ አሙቀው የሙላትን ጫማ ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ አላስቻለኝም።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የባሌን እግር በየሳምንቱ የሚያጥቡት ለምንድን ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። የእሳቸውም ዓይን እንደ እኔው ጠርጣራ ነው።

"እናንተ መሬት ትፈልጋላችሁ?" አሉኝ።

"የምን መሬት?"

"የዚህን ግቢ። የጓሮውን። ውርስ የምትሉትን።"

"እማማ፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ እሱ ሹፌር ነው። ድንች የሚበቅልበትን ጎን እንኳ አናውቅም።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ የሙላትን ጫማ አውልቀው እግሩን ሳፋው ውስጥ አኖሩ፤ የራሳቸውንም ነጠላ ጫማ አወለቁና እግራቸውን ከሙላት እግር አጠገብ አስቀመጡ። ሁለተኛው ጣት አውራ ጣቱ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። በሁለቱም። የሙላትን ጣት ከተጋባን ጀምሮ ስስቅበት የኖርኩ ነኝ፤ በሌላ ሰው እግር ላይ ሳየው ደነገጥኩ።

"መጀመሪያ የመጣ ቀን ለእንግዳ ደንብ ነው ብዬ አጠብኩት" አሉ። "ጣቱን ሳይ ሳፋውን ልደፋው ነበር። የቸኮልን መቃብር ነው የምፈልገው ሲለኝ ደግሞ ለመሬት ነው የመጣ አልኩ። ዝም አልኩት። ደግሞ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ፤ የአባቴን እግር ዳግመኛ አጥባለሁ መች ብዬ! ቸኮልኮ አባቴ ነው።"

ሙላት እግሩ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉብታው ላይ የተደረገው ውጊያ ባበቃ ማግስት የእማማ ይታይሽ እናት፣ ያን ጊዜ ኮረዳ፣ እንጨት ለቀማ ጉብታው ላይ ወጣች። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወድቆ አየች። ሞቷል ብላ ጋቢውን ልትወስድ ስትጎትት ሬሳው "ተይው፣ ይበርደኛል" አላት። ጥላው ሮጠች። ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች። አባቷን ጠርታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ክረምቱን ሙሉ ቁስሉን ስታጥብ ከረመች።

"እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አላመነችውም" አሉ እማማ። "አንዴ ሞቶ የተነሣ ሰው ነገ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም ትል ነበር።"

"ሲድን ለምን አልተመለሰም?" አለ ሙላት።

"መች ቀረ? ሄዷል። በገበያ ቀን ዳንግላ ገባ። ወንድሞቹ ሲያዩት አማተቡ። ደብቀው አስገብተው ምሳ አበሉትና፣ አንተኮ ሞተሃል አሉት። ተዝካርህን አውጥተናል፤ ሚስትህ ባል አግብታለች፤ መሬትህን ተካፍለናል፤ አርበኛው ቸኮል እየተባለ በየለቅሶው ይፎከርብሃል። አሁን ተነሥተህ ምን ልትሆን ነው? አሉት። አባቴ ይህን ሲያጫውተኝ ይስቅ ነበር። ስቆ ሲጨርስ ግን ወደ ጓሮ ይወጣል።"

"ልጆቹንስ?" አለ ሙላት።

"ሴቷን አላሳዩትም። ወንዱን ሲመለስ ወንዝ ላይ ከብት ሲያጠጣ አገኘው። 'የማን ልጅ ነህ?' አለው። ልጁ ደረቱን ነፍቶ 'የአርበኛው የቸኮል' አለ። አባቴ ራሱን ዳብሶለት ዝም ብሎ አለፈ። ያንን ደረት እንዴት ላስተንፍሰው? ይለኝ ነበር።"

ሙላት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያ ልጅ አባቱ ነዋ። እኔም አለቀስኩ። ስሙ ቸኮል፤ ለመመለስ ግን ሳይቸኩል ቀረ። በነገሩ ውስጥ ሴት እንዳለች ጠርጥሬ ነበር፤ ደግሞም ነበረች። የተሳሳትኩት በትውልዱ ብቻ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሙላት ለእትዬ ጥሩወርቅ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስማለኝ። እውነት አለው። ዘጠና ዓመት የሰማዕት ልጅ ሆኖ ለኖረ ሰው፣ አባትሽ ምሳውን በልቶ ሄደ ይባላል? እኔም አፌን ዘጋሁ። መሐላውን ያፈረሰው ራሱ ሙላት ነው። እትዬን ልንጠይቅ ከእማማ ይታይሽ ማር ይዘን ሄድን። ቀመሱና የማን ማር ነው አሉ። የሰው ነው አላቸው። የማን ሰው? አሉ። ሙላት መኪና እንጂ ነገር መጠምዘዝ አያውቅበትም፤ ሁሉንም ዘረገፈው።

እትዬ ጥሩወርቅ ማሩን አስቀመጡት።

"ስንት ዓመት ኖረ?"

"ሸምግሎ ነው የሞተው፣ እትዬ።"

"ታዲያ እኔ በየዓመቱ ለማን ነው ያለቀስኩት?"

ምን ይመለሳል?  ድንገት ግን ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። "ውሸቷን ነው! ወንበሬን ፈልጋ ነው! ሐውልቱ ፊት ልትቀመጥ ነው! አምጧት፣ ልያት!"

አመጣናቸው። እማማ ይታይሽ አውራ ጎዳናው ላይ ከሚኒባስ ወርደው በጋሪ እትዬ ደጃፍ ድረስ መጡ። መንገዱን ሁሉ፣ ሴትየዋ መሬቴን ነው የፈለገችው ሲሉ ነው የመጡት። ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዳቸውም "እንደምን ዋላችሁ"ን አልጨረሱም። እትዬ ጥሩወርቅ "አውልቂ" አሉ። እማማ አወለቁ። እትዬም አወለቁ። አራት እግር፣ ያው ጣት። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ሲሉ ያ የጥርጣሬ ዓይናቸው ጠፍቷል።

"እኔ አላውቀውም" አሉ ቀስ ብለው። "ድምፁ ምን ይመስል ነበር?"

እማማ ይታይሽ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ከዚያች ከጎበጠች ደረት ይወጣል ብዬ ባልገመትኩት ወፍራም ድምፅ ተጣሩ። "ይታይሽ! ነይማ ልጄ፣ ጉም ሳይዝሽ!"

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ድገሚው።"

ደገሙት።

"አሁን በእኔ ስም አድርጊው።"

"ጥሩወርቅ! ነይማ ልጄ፣ ጉም ሳይዝሽ!"

"አቤት" አሉ እትዬ፤ እንደ ልጅ። እኔ ከዚያ በላይ መቆም አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሙላት ቀድሞኝ ወጥቶ ከጋሪው ፈረስ ጋር ቆሟል። ስገባ እማማ ይታይሽ "እርስዎ" ማለቱን ትተው "እታለም" ይሏቸዋል፤ እትዬም ማን ብዙ መከራ እንዳየ ሲከራከሯቸው ደረስኩ። እህትማማቾች ሆኑ ማለት ነው።

የአርበኞች ቀን ሲደርስ እትዬ አዲስ ቀሚስ አሰፉ፤ ጨርቁ ከእኔው ሱቅ ነው። ለእህታቸውም አሰፉ። ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ሁለቱ ተደጋግፈው በቀጥታ የፊተኛው ረድፍ ላይ ሄደው ቁጭ አሉ። ዝግጅቱን የሚያስተባብር አንድ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት እየሮጠ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ እጅ ነሥቶ ነው የጀመረው።

"እማማ፣ ይቅርታ፤ ይሄኛው ረድፍ ለሰማዕታት ልጆች ብቻ ነው" አላቸው እማማ ይታይሽን።

"ልጁ ናት" አሉ እትዬ።

"የማን?"

"የአርበኛው የቸኮል። ታናሽ እህቴ ናት።"

ወጣቱ ፈገግ አለ። "ይቅርታ እማማ፣ እርስዎ መቼ ተወለዱ?"

እማማ ይታይሽ ውሸት አያውቁም። "ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ገብስ ሲታጨድ" አሉ።

ሙላት ክንዴን ጨበጠው። ወጣቱ ዞሮ ድንጋዩ ላይ ቸኮል የወደቀበትን ዓመት አነበበ። እማማን አየ። እንደገና ድንጋዩን አየ። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል። ኋላችን ያሉት ሰዎችም አንገታቸውን አሰገጉ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ጣቃ ሲጎድልብኝ የማየው የራሴ ዓይን ነው። አለቀልን አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ።

"ምን ታፈጣለህ?" አሉት። "አባታችን ጀግና ነበር ስንላችሁ አልኖርንም? እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚሞት መስሎህ ነው?"